ማዘርቦርዱ ሲቃጠል

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጫወተው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ወጪ፣ በባልና በሚስት መካከል ስለሚነሱ ጥቃቅን ጉዳዮች ነው። ዛሬ ግን ስለ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላጫውታችሁ ነው። "እሷን ደግሞ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት?" የሚል ቢኖር አልቀየምም። እኔም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው ብዬ ትቼው ነበር። የተውኩት ነገር ግን የልጆቼን የሰርቪስ ክፍያ ይዞ ሲሄድ መማር ግድ ሆነብኝ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ቆየና መጣ፤ መጣና ወዲያው ጠፋ፤ እንደገና መጣ። ከዚያ በኋላ ሳሎናችን ጥግ ያለው ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ማብሪያውን ስንጫነው ፋኑ አንድ ጊዜ ዞር ይልና ጸጥ ይላል። በውስጡ የባለቤቴ የዓመታት የስብከት ማስታወሻ፣ የልጆቹ የሕፃንነት ፎቶግራፍና ትልቋ ልጃችን ለትምህርት ቤት የምታዘጋጀው ጽሑፍ አለ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነበራችሁ ወይ ብትሉኝ፣ የፎቶግራፎቹ ግማሽ ብቻ ነበረን። ያን ሌሊት ሁለታችንም በቅጡ አልተኛንም።

ኮምፒውተራችን ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው። ሲገዛ ጀምሮ የጫንንበት ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነው። ሊኑክስን ለማታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን አስነስቶ የሚያሠራ ሲሆን የፈቃድ ክፍያ የለበትም፤ ዕድሜው በገፋ ዕቃ ላይም ሳያቃስት ይሠራል። ብዙ ገንዘብ ለሌለው ቤት ከዚህ የሚሻል ምርጫ አላገኘሁም።

ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ፊቱ በርቶ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። "ችግራችን ተፈታ፤ ማዘርቦርድ ገዛሁ" አለኝ። ለሻጩ የኛ ኮምፒውተር አይ 5 መሆኑን ነግሮት፣ ሻጩም "ይሄ አይ 5 ይወስዳል" ብሎት፣ ሜሞሪውም ከኛው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጦለት ነው የገዛው። ቅዳሜ ከወጣቶቻችን አንዱ፣ በጥገና ሥራ የሚተዳደር ልጅ መጣና የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈተ። አሮጌውን ፕሮሰሰር አውጥቶ በአዲሱ ላይ ሊያስቀምጥ ሞከረና እጁን መለሰ። "ፓስተር፣ ይሄ አይገባም" አለ።

ሻጩ አልዋሸም፤ ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። አይ 5 የሚባለው ስም ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለተለያዩ ትውልዶች የሰጠው የቤተሰብ ስም ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መቀመጫ ደጋግሞ ተለውጧል። መቀመጫው "ሶኬት" ይባላል፤ ግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት ሶኬት ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ትውልድ አይ 5 የሚቀመጠው 1156 በሚባለው ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በ1155፣ አራተኛው በ1150፣ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት በ1151፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው በ1200፣ ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ያሉት ደግሞ በ1700 ላይ ይቀመጣሉ። ቁጥሩ በመቀመጫው ላይ ያሉትን መገናኛዎች ብዛት የሚናገር ነው። በ1151 ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ለስድስተኛና ለሰባተኛ ትውልድ የተሠራው ቦርድ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን አያስነሳም፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ!

የኛው ፕሮሰሰር አይ 5 3470 ነው። ከመስመሩ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አኃዝ 3 ስለሆነ ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ መቀመጫው 1155። ባለቤቴ የገዛው ቦርድ ደግሞ የ1150 ነው። በሁለቱ መካከል የአምስት መገናኛ ልዩነት ብቻ ነው ያለው፤ ጎንና ጎናቸው ላይ ያለው ጎድጎድ ያለ ምልክት ግን ስለማይገጥም ፕሮሰሰሩ አይቀመጥም። አስገድዳችሁ ብትጫኑት ከሥሩ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ይጣመማሉ፤ ያን ጊዜ ቦርዱም ለማንም አይሆንም። ልጁ እጁን መመለሱ ትልቅ ውለታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባለትዳሮች ትገምታላችሁ። ልጁ እስኪወጣ ጠበቅሁና "ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?" አልኩት። ከሰርቪሱ ፖስታ ውስጥ ነበር። "ሳትነግረኝ?" አልኩት። "ላስደስትሽ ብዬ ነው፤ አንቺ ደግሞ ስለዚህ ነገር አታውቂም ብዬ" አለኝ። የመጀመሪያው አላስቆጣኝም፤ ሁለተኛው ነው ያስቆጣኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። ተኰራርፈን አደርን። በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ ልጁን ምሳ ጋበዝኩትና ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ ከምን ልጀምርልዎት?" አለኝ። "እንደማታውቅ ሰው ከመጀመሪያው ጀምርልኝ" አልኩት። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የተገኘ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ራሴ ያነበብኩትን ጨምሬበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ማዘርቦርዱ በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እኛ ይህን ሳናደርግ ነበር ገበያ የወጣነው። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመለወጥ ይቀልላል። ስለዚህ ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ሞክሩ። ሜሞሪዎቹን አውጥታችሁ የወርቅማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና አንድ በአንድ እየሰካችሁ እዩ። ክብ የሆነችውን የሰዓት ባትሪ ለውጡ፤ ቁጥሯ 2032 ነው፣ 3 ቮልት ናት፣ በማንኛውም የሰዓት መሸጫ ትገኛለች። ቀጥሎ ባትሪ ይዛችሁ ቦርዱን አብሩበትና በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙትን ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ነገሮች እዩ። "ካፓሲተር" ይባላሉ። ጫፋቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካለ ሕመሙ እዚያ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያለቁበት ዘመን ነበር። የኛው ላይ ሦስቱ አብጠው ነበር። ካፓሲተር በብየዳ የሚቀይር ጥሩ እጅ ያለው ጠጋኝ ካገኛችሁ እሱ ከሁሉ የረከሰው መንገድ ነው። እኛ ሞክረን ነበር፤ ቦርዱ ግን ሌላም የተቃጠለ ነገር ስለነበረበት አልተነሣም።

መሞቱ ከተረጋገጠ ደግሞ ጥያቄው "የትኛው ማዘርቦርድ ጥሩ ነው?" ሳይሆን "የቀረኝ ምንድን ነው?" የሚለው ነው። ለትንሽ በጀት ይህን ያህል የሚጠቅም ጥያቄ የለም። ለኛ የተረፈልን ፕሮሰሰሩ፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ሜሞሪ፣ ዲስኩ፣ ፓወር ሰፕላዩና ኬዙ ነበሩ። እነዚህን ሁሉ የሚቀበል ቦርድ ከተገኘ የምንከፍለው ለቦርዱ ብቻ ነው። አንዱ ካልገጠመ እሱን ለመግዛት ሌላ ወጪ ይመጣል፣ ሌላው ደግሞ ሌላውን እየጎተተ አንድ አዲስ ኮምፒውተር የሚያህል ሒሳብ ላይ ትደርሳላችሁ።

ሜሞሪ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት አይወራረሱም። ሜሞሪው ከሥሩ የተቆረጠ ጥርስ አለው፤ የጥርሱ ቦታ ከትውልድ ትውልድ ስለሚለይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። የኛው ዲዲአር 3 ነው። ገበያ ላይ አዲስ ሆነው የሚመጡት ቦርዶች ዲዲአር 4 ወይም ዲዲአር 5 ናቸው፤ ስለዚህ አዲስ ቦርድ መግዛት ማለት አዲስ ሜሞሪም መግዛት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ስለናረ በእጅ ያለን ሜሞሪ መጣል የባሰ ያስቆጫል።

የኬዙ ነገር በሜትር ይታያል። ትልቁ ቦርድ "ኤቲኤክስ" ርዝመቱ 305፣ ወርዱ 244 ሚሊ ሜትር ነው። "ማይክሮ ኤቲኤክስ" የሚባለው በሁለቱም በኩል 244 ነው፤ ትንሹ "ሚኒ አይቲኤክስ" ደግሞ 170 በ170። ትልቅ ኬዝ ትንሹን ቦርድ ይቀበላል፤ ትንሽ ኬዝ ግን ትልቁን አይቀበልም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በብርቱ ላስጠነቅቃችሁ፦ ከመሥሪያ ቤት የወጡ የዴል ወይም የኤች ፒ ኮምፒውተሮች ከሆኑ ይህ ሁሉ መለኪያ ላይሠራ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የቦርዱ ቅርጽም፣ የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያም የራሳቸው ነው፤ የተለመደው ባለ 24 ቀዳዳ መሰኪያ የላቸውም። ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር የሚሆነው የዚያው ሞዴል ቦርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞዴሉን ከኬዙ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። የኛው በሰው እጅ የተገጣጠመ ስለነበር ከዚህ ጣጣ ድነናል።

አሁን ወደ 1155 ልመለስ። መቀመጫው አንድ የሆነ ሁሉ እኩል አይደለም። ኤች 61 የሚባሉት ቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁለተኛው ትውልድ ነው የወጡት። ሦስተኛውን ትውልድ እንዲያውቁ ባዮስ የሚባለው የውስጥ ፕሮግራማቸው መታደስ አለበት። ያልታደሰ ቢያጋጥማችሁ ጤነኛ ፕሮሰሰር በጤነኛ ቦርድ ላይ አስቀምጣችሁ ባዶ ስክሪን ታያላችሁ፤ ከዚያ ሁለቱንም ትጠራጠራላችሁ። ቢ 75 የሚባሉት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ከሦስተኛው ትውልድ ጋር አብረው የወጡ ስለሆኑ ይህ ችግር የለባቸውም፤ በዚያ ላይ ፈጣኑን ዩኤስቢ 3 እና ለዲስክ ፈጣን መሰኪያ ይዘዋል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ለምን ኤች 61 ትገዛላችሁ? ባዮስ ማደስ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ዊንዶውስም አይፈልግም፤ ከፍላሽ ላይ ይሠራል። ነገር ግን እየታደሰ ሳለ መብራት ከጠፋ ቦርዱ እዚያው ሊሞት ይችላል። በኛ ሰፈር ዩፒኤስ ሳይኖር ይህን መሞከር ድፍረት ነው።

ሊኑክስ የሚጠቀም ቤት ሁለት ነገሮች ይቀሉለታል። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ከኮምፒውተር ጋር ተጭኖ የሚመጣ የዊንዶውስ ፈቃድ በአብዛኛው ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ በመሆኑ ቦርዱ ሲሞት አብሮት ይሄዳል። ሊኑክስ እንዲህ ያለ ማሰሪያ የለውም። ሁለተኛው፣ ድራይቨር የሚባሉት ዕቃውን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች በአብዛኛው በራሱ በሊኑክስ ውስጥ ስላሉ፣ ዲስኩን ከአሮጌው ቦርድ ነቅላችሁ በሌላ ቦርድ ላይ ብትሰኩት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይጫን ይነሣል። እኔ ይህን ስሰማ ስለ ፎቶግራፎቹ መጨነቄን አቆምኩ።

መጠንቀቅ የሚገባው ቦርዱ ላይ በተሠሩት ሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያው ነው። ሪልቴክ 8111 የሚባለው በየቦርዱ ላይ ያለ ነው፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ የኢንቴልም እንዲሁ። በአዳዲስ ቦርዶች ላይ ያለው ሪልቴክ 8125 ግን የሊኑክሱ እምብርት ከ5.4 የቆየ ከሆነ አይታወቅም፤ እንዲህ ሲሆን ማደሻውን እንዳታወርዱ እንኳ ኢንተርኔት የላችሁም። ዋይፋይ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው። ኢንቴል ከሆነ እሰየው፤ ብሮድኮም ከሆነ ትታገላላችሁ። ዋይፋይ የሌለውን ቦርድ ገዝቶ ትንሿን ዩኤስቢ ዋይፋይ መሰካት ይቻላል፤ ግን እሷም የራሷ ጣጣ አላት። ለምሳሌ ቲፒ ሊንክ 722 የሚባለው የመጀመሪያው ሥሪት በውስጡ አቴሮስ ስላለው በሊኑክስ እንደ ልብ ይሠራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥሪት ግን መልካቸው አንድ ሆኖ ሳለ ውስጣቸው ሪልቴክ ነው። ሥሪቱ ዕቃው ላይ በትንሹ ተጽፏል፤ መነጽራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛው ስክሪኑ ነው። የኢንቴልና የኤ ኤም ዲ ምስል ማውጫ ድራይቨሩ ሊኑክስ ውስጥ ስላለ ችግር የለውም። ነገር ግን ስማቸው በ"ኤፍ" የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና ከ7000 በፊት ያሉት "ጂ" የሌላቸው የዴስክቶፕ ራይዘኖች ምስል ማውጫ የላቸውም። ቦርዱ ላይ የስክሪን መሰኪያ ስላለ ብቻ ምስል ይወጣል ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የኔን አስተያየት ልጨምር። ሰው ሁሉ አዲስ የወጣውን ይፈልጋል፤ በሊኑክስ ቤት ግን ጥቂት ዓመት ያለፈው ቦርድ ይሻላል እላለሁ። ድራይቨሩ የተጻፈለት፣ ስሕተቱ የታረመለት እሱ ነውና።

ሰኞ ወደ ሱቁ የሄድነው ሁለታችን አብረን ነው። ደብተሬን ስከፍት ሻጩ ፈገግ አለ። የ1150ውን ቦርድ ከትንሽ ተቀናሽ ጋር ሊመልስልን ፈቀደ። እዚህ ላይ ሌላም መንገድ ነበር፦ ቦርዱን አስቀርቶ ያገለገለ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር መግዛት። ሜሞሪያችንም ፋናችንም ይገጥሙ ነበር፤ ከ1156 እስከ 1200 ያሉት መቀመጫዎች የፋኑ ብሎን ቦታ አንድ ነውና። ባለቤቴ ወደዚህ አዘንብሎ ነበር። ሒሳቡን ስንሠራው ግን ተቀናሹ ከፕሮሰሰሩ ዋጋ ያነሰ ሆነ። ቆይቶ "ልክ ነሽ" ያለኝ በቀስታ ነው፤ ሰምቻለሁ።

ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን መቀመጫ በስልካችሁ መብራት እዩ። በኢንቴል ቦርዶች ላይ ስሱዎቹ ሽቦዎች ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ስታዩት እንደ ተሰለፈ ስንዴ አንድ ዓይነት መብረቅ አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ጠመም ብሎ ከታየ ተዉት። የኋላውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባትን ስስ የብረት ሳህን ጠይቁ፤ ከቦርዱ ጋር ካልተሰጠቻችሁ ሌላ ቦታ አታገኟትም፣ ባዶውን ከተዋችሁት ደግሞ አቧራና በረሮ ይገባል። ከዚያ "አስነሣልኝ" በሉ። ልጁ ሊኑክስ ሚንት ያለበት ፍላሽ ሰጥቶን ስለነበር፣ ሻጩ የኛን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ አስገብቶ ከፍላሹ ላይ አስነሣልን፤ ፍላሹ ምንም ሳይጭን ስለሚሠራ ለመፈተሽ ይመቻል። የኔትወርክ ገመድ ሰካን፣ ድምፅ ከፈትን፣ እያንዳንዱን ዩኤስቢ ሞከርን። የመጀመሪያው ቢ 75 ቦርድ 8 ጊጋ ሜሞሪ ሰክተንበት 4 ብቻ አሳየን፤ አንዱ ማስገቢያ የሞተ ነበር። ፍላሹ ባይኖር ቤት ስንደርስ ነበር የምናውቀው፣ ያውም ካወቅነው! ሁለተኛው ቦርድ 8ቱንም አሳየ። ሁለት ጊዜ አጥፍተን አስነሣነውና የዋስትና ቀኑን በደረሰኝ ላይ አስጽፈን ከፈልን።

ለአንዳንዶቻችሁ ግን የኛ መንገድ ላይጠቅማችሁ ይችላል። ፕሮሰሰራችሁ ከኛም የባሰ አሮጌ ከሆነ ቦርድ ፍለጋ ከመንከራተት ከመሥሪያ ቤት የወጣ ሙሉ ኮምፒውተር መግዛት ይሻላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ስለዚህ ለዊንዶውስ ያረጁ፣ ለሊኑክስ ግን ገና ጎረምሳ የሆኑ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች አሉ። አዲስ ቦርድ ለሚገዛ ደግሞ፣ ኤኤም 4 የሚባለው የኤ ኤም ዲ መቀመጫ ዲዲአር 4 ስለሚወስድ ያገለገሉ ክፍሎችን ማግኘት ይቻላል፤ ተከታዩ ኤኤም 5 ግን ዲዲአር 5 ብቻ ነው የሚቀበለው። የኢንቴሉ 1700 በሁለቱም ዓይነት ይሠራል፤ ካርቶኑን ሳታነቡ አትክፈሉ። ፕሮሰሰሩ በላዩ ተበይዶ የሚመጣ ኤን 100 የሚባልም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። ለፕሮሰሰሩ የተመደበለት ኃይል 6 ዋት ብቻ ስለሆነ ባትሪና ኢንቨርተር ላይ ለሚኖር ቤት ይመቻል። አዲስ ዕቃ ግን በዶላር ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ታስታውሳላችሁ። እኛን ከአዲሱ ያራቀን ይኸው ነው።

ማታ ልጁ መጥቶ ገጣጠመልን። ቦርዱ ከኬዙ ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ የሚቆሙትን ቢጫ ብሎኖች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር አስተያየ፤ አንዱ ትርፍ ስለነበር ነቀለው፤ ቢቀር ኖሮ ከቦርዱ ሥር ነክቶ ሊያቃጥለው ይችል ነበር። የፕሮሰሰሩን አሮጌ ፔስት ጠርጎ አዲስ ቀባ። ዲስኩን ሰካና ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ "የሚነሣ ነገር አላገኘሁም" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ባለቤቴ እጄን ያዘ። ልጁ ግን ምንም አልመሰለውም። የኛ ሊኑክስ የተጫነው "ሌጋሲ" በሚባለው በቀድሞው የማስነሻ ዘዴ ነበር፤ አዲሱ ቦርድ ግን "ዩኢኤፍአይ" የሚባለውን ነበር የሚፈልገው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ አንድ መስመር ለወጠ። በአዳዲስ ቦርዶች ላይ ሌጋሲ የሚባለው ምርጫ ላይኖር ስለሚችል፣ ያ ቢሆን ኖሮ ከፍላሽ አስነሥቶ ማስነሻውን እንደገና መጻፍ ያስፈልግ እንደነበር ነገረን። እንደገና ሲያስነሣው የሚንቱ አረንጓዴ ምልክት መጣ፤ ቀጥሎ የልጆቻችን ፎቶግራፍ ያለበት የለመድነው ገጽ። ሊኑክስ ዲስኩን የሚያውቀው በተሰካበት ቦታ ሳይሆን በራሱ መለያ ቁጥር ስለሆነ የተዘበራረቀ ነገር አልነበረም። የተለወጠው የኔትወርኩ መሰኪያ ስም ብቻ ነበር፤ እሱንም ራሱ አወቀው። ሰዓቱም ወደ ኋላ ሄዶ ስለነበር አስተካከልነው።

ባለቤቴ በመጀመሪያ የከፈተው የስብከት ማስታወሻዎቹን ነው። እኔ ደግሞ ያን ሌሊት ሁሉንም ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። የሰርቪሱ ፖስታ በሁለት ወር ነው የሞላው። ኬዙን ከመዝጋቱ በፊት ባለቤቴ ከልጃችን ደብተር ላይ ገጽ ቀደደና በራሱ እጅ ጻፈበት፦ አይ 5 3470፣ ሶኬት 1155፣ ቢ 75፣ ዲዲአር 3፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ፣ ሌጋሲ። ከሥሩም የኔን ስም ጨመረ፤ "ከመግዛታችሁ በፊት እሷን ጠይቁ" ብሎ። በፕላስተር ከኬዙ መዝጊያ በስተ ውስጥ ለጠፈው።